ከማልኮም ንግግር በፊት የማልኮም ሳህን

ደሴና ኮምቦልቻ ስለ ጥቁር አሜሪካዊው ሙስሊም የመብት ታጋይ ማልኮም ኤክስ የሚያወራ ወጣት ሞልቷል፤ ወሬው ግን ከንግግሮቹ ይጀምራል። እኔ ከሳህኑ ብጀምር ይሻለኛል። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የፈረንጆቹ ነው።)

በ1950 አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ግዛት ውስጥ ታስሮ ሳለ እሱና ሦስት ጓደኞቹ ፊቱ ወደ ምሥራቅ የሆነ ክፍልና አሳማ ያልነካው ምግብ ጠየቁ። የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ ለየብቻ ታርዶ፣ ድስቱም ጭልፋውም ሳይቀላቀል የሚደገስበት የወሎ ሰው ይህን ቅንጦት አይለውም። እነ ማልኮም ክፍሉን አገኙ። ሌላ ወህኒ ቤት ተመሳሳይ ጥያቄ ያነሱ ብዙ ጥቁር ሙስሊሞች ግን ለብቻ መታሰር ነው የደረሳቸው።

ወሳኙ የክስ መዝገብ የጥቁር ሙስሊሙ እስረኛ የቶማስ ኩፐር ነው። ኢሊኖይ ስቴትቪል ወህኒ ቤት የሃይማኖቱን መጻሕፍት እንዳይገዛ ተከለከለ፤ ያለ ጠበቃ ራሱ ከሰሰ። ብልሃቱ ንጽጽሩ ላይ ነው፦ ለሌሎች እስረኞች የተፈቀደው ለእኔ በእምነቴ ምክንያት ብቻ ተከለከለ አለ። የታችኞቹ ፍርድ ቤቶች ዘጉበት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1964 በአጭር ውሳኔ ክሱ ይሰማ አለ። ኩፐር የተደገፈበት ሕግ የ1871 ነው፤ ከባርነት ማግስት ጥቁሮችን ለመከላከል የወጣ። እስከዚያ ድረስ ዳኞች «የወህኒ ጉዳይ የአስተዳደሩ ነው» እያሉ እጃቸውን ይሰበስቡ ነበር።

የሳህኑ ጥያቄ በ1971 ኒውዮርክ ግዛት አቲካ ወህኒ ቤት ላይ ተመልሶ መጣ። ከ1,200 በላይ እስረኞች አምፀው ግቢውን ያዙ፣ ጠባቂዎችን አገቱ፣ ተወካይ መረጡ፣ ታጋቾቹን እንዲጠብቁ ሙስሊሞቹን መደቡ። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ አሳማ ይቀነስልን፣ በየቀኑ ፍራፍሬ ይሰጠን የሚል ነበር። በፈረንጆቹ መስከረም 13 ፖሊስ ተኩሶ ገባ፤ 29 እስረኞችና 10 ታጋቾች ሞቱ። ባለሥልጣናቱ ታጋቾቹን እስረኞቹ አረዷቸው ብለው አስወሩ። የአስከሬን ምርመራው ግን ሁሉም በጥይት መሞታቸውን አሳየ፤ እስረኞቹ ደግሞ ጠመንጃ አልነበራቸውም።

ኩፐር የከፈተውን በር በ1996 የወጣ ሕግ አጠበበው። እስረኛ ከመክሰሱ በፊት የወህኒ ቤቱን የውስጥ አቤቱታ እስከ መጨረሻው ይግባኝ መጨረስ አለበት። ብዙ ክስ የሚወድቀው እዚህ ነው፤ በ2006 በተሰጠ ውሳኔ መሠረት ቀኑ ያለፈበት አቤቱታ ደረጃውን እንዳሟላ አይቆጠርም፣ በደሉ የቱንም ያህል ቢከብድ። ሕግ አንብበው ለጓደኞቻቸው የሚጽፉ እስረኞች ስለዚህ ከክርክሩ ይልቅ ቀን ቆጠራውና ቅጂ ማስቀረቱ ላይ ይጠነቀቃሉ። የክስ መክፈቻ ክፍያውም ለድሃ አይማርም፤ በየወሩ ከሚገባለት ገንዘብ 20 በመቶ እየተቀነሰ ይከፈላል።