ማዕረግን ከነመቆሚያው ማጥናት፦ የአራተኛ ወር ማስታወሻ

የቆዩ የማዕረግና የመደብ ቃላትን ማጥናት ከጀመርሁ አራተኛ ወር ሆኖኛል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቃላቱን በፊደል ተራ ደብተር ላይ አስፍሬ በቃሌ ለመያዝ ብሞክርም፣ ከቀኛዝማችና ከግራዝማች የትኛው እንደሚበልጥ በየጊዜው ይምታታብኝ ነበር።

መላው የተገኘው እዚሁ አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ፣ ጎረቤታችን የሆኑ አንድ አዛውንት ቡና ላይ ሲኒዎቹን ረከቦቱ ላይ ባሰለፉልኝ ዕለት ነው። መካከል ያስቀመጡትን ሲኒ «ይኸ የንጉሡ ድንኳን ነው» አሉኝ፤ ከፊት የሚቀድመው ፊታውራሪ፣ በቀኝ ያለው ቀኛዝማች፣ በግራ ያለው ግራዝማች፣ ከድንኳኑ ደጅ የቆመው ደግሞ ደጃዝማች ሆነ። «ስሙ ራሱ የት እንደሚቆም ይነግርሃል፣ ልጄ» ሲሉኝ የአራት ሳምንት ጭንቀቴ በአንድ ጊዜ ቀለለልኝ። ቀኝ ከግራ ይከበራልና ቀኛዝማች ይበልጣል፤ ለንጉሡ ደጅ የቀረበው ደጃዝማች ደግሞ ከሦስቱም በላይ ነው፤ ራስ ከእርሱም ይልቃል። ባላምባራስ ከአምባ፣ ነጋድራስ ከነጋዴዎች አለቅነት፣ አፈ ንጉሥም ከንጉሡ አፍ እንደመጣ ለማየት ከዚያ ወዲህ አልተቸገርሁም።

ሆኖም የማዕረግ ተራ የሥልጣንን ልክ ሁልጊዜ አያሳይም። ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በ1900 ዓ.ም. የጦር ሚኒስትር ሆነው ተሹመው በ1919 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ፊታውራሪ እንደተባሉ ኖረዋል፤ በአገሩ ጉዳይ የነበራቸው ድምፅ ግን ከብዙ ራሶች ድምፅ የከበደ ነበር።

እጅግ ያረመኝ ስሕተት የሠራሁት በመደብ ቃላት ላይ ነው። ደብተሬ ላይ «ገባር ማለት ጭሰኛ ነው» ብዬ ጽፌ ለአያቴ ባነበብሁላቸው ጊዜ ፊታቸው ተለወጠ፤ «አባቴ ገባር እንጂ ጭሰኛ አልነበረም» አሉኝ። ገባር ለመንግሥት የሚገብር ሲሆን የራሱ ርስት ሊኖረው ይችላል፤ ጭሰኛ ግን የሌላውን መሬት አርሶ እንደ ውሉ እኩሌታውን ወይም ሢሶውን ለባለመሬቱ የሚያስረክብ ነው። ጭሰኝነትን የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 ቢሽረውም፣ በአያቴ ድምፅ ውስጥ የሁለቱ ቃላት ርቀት ዛሬም እንዳለ ነው። ያንን መስመር ሰርዤ እርሳቸው እንዳሉት ጻፍሁ።

በዚህ ወር የጀመርሁት የኦሮሞ ባህላዊ አስተዳደር የሆነውን የገዳን ቃላት ነው፤ አዳማ እየኖሩ እነርሱን መዝለል አግባብ መስሎ አልታየኝም። መሪውን አባ ገዳ፣ የጦር አለቃውን አባ ዱላና ሥልጣን የያዘውን ቡድን ሉባን እንደ ለመድሁት በሲኒ ላሰልፍ ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ምክንያቱም የገዳ እርከን የሚለካው በመቆሚያ ቦታ ሳይሆን በዘመን ነው፤ ሥልጣኑም በየ8 ዓመቱ ከአንዱ ቡድን ወደ ተከታዩ ይተላለፋል። ስለዚህ ለእነዚህ ቃላት ሲኒዎቹን ትቼ በደብተሬ ወርድ ረጅም መስመር አሰመርሁ፤ በየ8 ዓመቱ ምልክት አድርጌ ዳባሌ ከሚባለው የሕፃንነት እርከን ጀምሬ ወደ ላይ እየሞላሁ ነው።