«ፈረንሳዮች ሰው ይንቃሉ አሉ?» ለምትሉ

ፓሪስ ላለ ሰው ከአገር ቤት ሲደወል ጥያቄው ያው ነው። «እውነት እንቁራሪት ይበላሉ?» «ሥራ አይወዱም ይባላል?» መጨረሻ ላይ ደግሞ «ሰው ይንቃሉ አሉ?» ይከተላል። የእንቁራሪቱን ባጭሩ እንለፈው፤ አብዛኛው ፈረንሳዊ ዓመቱን ሙሉ ሳይቀምሰው ይከርማል። ደግሞስ ጥሬ ሥጋ በሚጥሚጣ የሚቆርጥ ሕዝብ በሰው ማዕድ ላይ ምን አፍ አለው? እነሱም ታርታር የሚሉት አላቸው፤ የተከተፈ ጥሬ የበሬ ሥጋ፣ ከላዩ ጥሬ አስኳል። ቅቤና ኮረሪማ የቀረበት ክትፎ በሉት።

ስንፍናውም ቢሆን ተረት ነው። በሳምንት 35 ሰዓት የሚለው ሕግ ከ2000 ጀምሮ፣ 5 ሳምንት የዓመት ፈቃድ ደግሞ ከ1982 ጀምሮ አለ። ያንን ታግለው አገኙት እንጂ ተኝተው አላገኙትም። የባቡር አድማ ሲመጣም በድንገት አይደለም፤ አድማ የሚመታ ሠራተኛ 48 ሰዓት ቀድሞ ማሳወቅ ስላለበት የትኛው ባቡር እንደሚሄድ በዋዜማው ይታወቃል። ማታ ስልካችሁን ሳታዩ ጠዋት ጣቢያ ላይ ብትቆሙ ጥፋቱ የማን ነው?

«ይንቃሉ» የሚለው ስም የሚወጣላቸው ዳቦ ቤት ውስጥ ነው። አዲስ መጪው ይገባል፣ ጣቱን ወደ መደርደሪያው ይቀስራል፣ «ባጌት» ይላል። ሻጯ ዝም። ከዚያ ወረፋው ሁሉ እየሰማ፣ ቃሉን ጎተት አድርጋ «ቦን… ዡር» ትለዋለች። ሰላም ማለቷ እንዳይመስላችሁ፤ ቁጣ ነው፣ ያውም ለልጅ የሚሰጥ ዓይነት። እሱ ፊቱ እንደቀላ ወጥቶ «ዘረኞች» ይላል። ዘረኝነት የለም የሚል የለም፣ አለ። ይህኛው ግን እሱ አይደለም፤ ሰላም ሳይል የገባ እንግሊዛዊም ያችኑ ይቀምሳታል።

የሚያስቀው እኛ በሰላምታ የማንታማ መሆናችን ነው። ቤተሰቡ፣ ከብቱ፣ አዝመራው ሳይጠየቅ አይታለፍም። ሱቅ ስንሄድስ? «ሱቆች! አንድ ሳሙና!» ነው። ለእነሱ ሱቁ እንደ ሰው ቤት ነው፤ ሰላም ሳይሉ መግባትን ሳያንኳኩ እንደመግባት ይቆጥሩታል።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ገብታችሁ ዓይኗን እያያችሁ «ቦንዡር ማዳም»። መልሷ ሳይመጣ ትዕዛዝ አይጀመርም። ከዚያ «ዩን ትራዲሲዮን፣ ሲል ቩ ፕሌ»፤ አንድ ትራዲሲዮን፣ እባክዎ ማለት ነው። ዝም ብሎ «ባጌት» ከማለት ይሻላል፤ ትራዲሲዮን የሚባለው በ1993 በወጣው ደንብ መሠረት ከዱቄት፣ ከውሃ፣ ከጨውና ከእርሾ የሚሠራ፣ ሊጡም በረዶ ቤት ያልገባ ነው። ጥቂት ሳንቲም ይበልጣል፣ ያዋጣል። ግን እንደ እንጀራ ለሦስት ቀን አይቀመጥም፤ ለነገ ያላችሁት ነገ ዱላ ነው። ስትወጡ «መርሲ፣ ቦን ዡርኔ» (አመሰግናለሁ፣ መልካም ቀን)፣ ሲመሽ «ቦንስዋር»። ለአውቶቡስ ሹፌርም፣ አሳንሰር ውስጥም፣ ሐኪም ቤት ተራ ለሚጠብቁትም ያው ነው። ሜትሮ ውስጥ ግን ተሳፋሪውን ሰላም አትበሉ፤ ምን ፈልጎ ነው ይባላል። ጠዋት ሰላም ያላችሁትን ሰው ከሰዓት በኋላ እንደገና «ቦንዡር» ካላችሁትም «ረሳኸኝ እንዴ?» ነው መልሱ።

መሳሳሙ ፓሪስ ላይ ሁለቴ፣ ደቡብ ባለችው ሞንፔሊዬ ከተማ ሦስቴ ነው። ጉንጭ ለጉንጭ ነክቶ ድምፅ ማሰማት እንጂ ከንፈር አያርፍም፣ ትከሻም አይገጭም። የማታውቁትን ሰው ግን ቀድማችሁ አትሳሙ። በ«ቱ» እና በ«ቩ» እኛ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪው እንሻላለን፤ አንተና እርስዎ ነው። ጎረቤት ለዓመታት በ«ቩ» ቢያናግራችሁ ጠልቷችሁ አይደለም።

እራት ከተጠራችሁ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። «ዩይት ኧር» ሲሏችሁ ስምንት ሰዓት ብላችሁ በቀን እንዳትሄዱ፤ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው። አሥር ደቂቃ ማርፈድ ጨዋነት ነው፣ ቀድሞ መድረስ ነውር። መጀመሪያ በሚመጣው ሰሃን ሆዳችሁን አትሙሉ፤ ዋናው ምግብ፣ ከዚያ አይብ፣ ከዚያ ጣፋጭ ይከተላል። ትልቁ ወጥመድ ግን መግደርደር ነው። «ልጨምርልህ?» ሲሉ «በቃኝ» ካላችሁ ሰሃኑ ይነሳል። «በሞቴ» የለም፣ ጉርሻ የለም፣ ሁለተኛ ልመና የለም። ተግደርድሮ በባዶ ሆዱ ባቡር የጠበቀ ሐበሻ ብዙ ነው። ጾም ላይ ከሆናችሁ ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ «ቬጀታሪያን» ብቻ ካላችሁ አይብ ነው የሚመጣላችሁ። «ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል አልበላም» በሉ።

እዚህ ለመምጣት የምታስቡ፣ ከሽቶና ከኤፍል ግንብ በፊት ዶሴን እወቁ። ቃሏንም ከእነሱ ነው የወሰድናት፣ እንደ ለገሃር። እዚያው መርካቶ እያላችሁ የጋብቻና የልደት ማስረጃችሁን አስተካክሉ፤ እዚህ ሲደርስ በቃለ መሐላ ተርጓሚ ይተረጎማል። የደመወዝ ወረቀት ጡረታ እስክትወጡ አይጣልም። ቤት ስትከራዩ ብዙ አከራዮች የኪራዩን ሦስት እጥፍ ደመወዝ ወይም ዋስ ይጠይቃሉ። የመኖሪያ ፈቃድ ለማሳደስ የመጨረሻውን ሳምንት አትጠብቁ፤ በኢንተርኔት ለሚታደሱት ማመልከቻው ፈቃዱ ከማለቁ ከ4 እስከ 2 ወር ቀደም ብሎ ይገባል።

ከሁሉ የሚያስለቅሰው የስም ጉዳይ ነው። «ኖም» የሚለው ሣጥን የቤተሰብ ስም ይፈልጋል፤ እኛ የለንም። አንዱ ቢሮ የአባት፣ ሌላው ቢሮ የአያት ስም ከገባ፣ ወይም አንድ ፊደል ከተለወጠ፣ ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ናችሁ፤ ዶሴው ይመለሳል። ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ቁርጥ እሱን፣ በሁሉም ቦታ፣ ጻፉ። ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ ስማቸው ለምን እንደሚለያይ ለማስረዳትም ተዘጋጁ።

እህቶቼ ደግሞ ከወዲሁ ልመዱት። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ «ማዳም ተስፋዬ!» ሲባል አባታችሁን ዞራችሁ አትፈልጉ። እናንተው ናችሁ። ተነሱ፣ መጀመሪያ ግን «ቦንዡር» በሉ።