ሁለት ግልገል ፌሬቶችን ለጥንቸል አደን ያስጀመርኩበት ዓመት

ልጅ ሆኜ ቤታችን ዶሮ የሚፈጀው ሸለምጥማጥ ነበር። እናቴ ማታ ማታ የዶሮውን ቤት በር በድንጋይ ሳትደግፍ አትተኛም። ስለዚህ ባለቤቴ የእንጨት ሳጥን ታቅፌ በጓሮ በር ስገባ አይታ፣ «አንተ፣ ሸለምጥማጥ ልታሳድግ ነው?» ስትለኝ አልፈረድኩባትም። መልካቸው ይመሳሰላል። ረዘም ያለ ወገብ፣ አጭር እግር፣ ሾል ያለ አፍ። ሳጥኑ ውስጥ የነበሩት ግን ፌሬቶች ናቸው። ሰው ያለመዳቸው እንስሳት ናቸው። ከ2000 ዓመት በፊት ስፔን ውስጥ ሰዎች ከሰሜን አፍሪካ የመጣ እንዲህ ያለ እንስሳ ወደ ጉድጓድ እየሰደዱ ጥንቸል ያስወጡ እንደነበር የግሪክ ጸሐፊ መዝግቦታል።

የምኖረው ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ቴትፎርድ አጠገብ ነው። አካባቢው ብሬክላንድ ይባላል። መሬቱ አሸዋማ ስለሆነ ጥንቸል እንደልቧ ትቆፍረዋለች። ከከተማው ወጣ ብሎ ጫካው ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1400 ገደማ የተሠራ የድንጋይ ግንብ አለ። የጥንቸል ጠባቂ ቤት ነበር። ያኔ ጥንቸል ለሥጋዋና ለቆዳዋ የምትጠበቅ ሀብት ነበረች። ዛሬ ለገበሬው ተባይ ናት። ገብሱን ገና ቡቃያ ሳለ ከሥሩ ትግጠዋለች። እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው የተባይ ሕግም ባለመሬቱ ጥንቸልን እንዲቆጣጠር ያስገድደዋል።

ወደዚህ ሥራ ያስገቡኝ ጎረቤቴ የሆኑ ሽማግሌ ናቸው። እንግሊዝኛ «አንቱ» የሚል ቃል የለውም፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ እያልኩ ነው የማናግራቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ በፌሬት አድነዋል። ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው መረብ የሚዘረጋላቸው ሰው ፈለጉ። አንድ ዓመት ሙሉ መረባቸውን ተሸክሜ ተከተልኳቸው። በሁለተኛው ዓመት ግንቦት ላይ ፌሬታቸው ስትወልድ ሁለት ሴቶች ሰጡኝ። አንዷ ነጭ፣ ዓይኗ ቀይ። በረዶ አልኳት። ሌላዋ ጥቁር ቡናማ፣ ፊቷ ላይ ጭንብል ያጠለቀች የምትመስል። እሷን ጠይሜ አልኳት።

ሴት የመረጡልኝ በምክንያት ነው። ሴቷ ከወንዱ በግማሽ ያህል ታንሳለች። ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ እንደልቧ ትተላለፋለች። ጉልበተኛ ወንድ ጥንቸሏን እዚያው መሬት ውስጥ ሊገድላት ይችላል። የእኛ ፍላጎት ደግሞ እንድትገድል አይደለም፤ አስደንግጣ እንድታስወጣልን ነው።

ቤት ያስገባኋቸው ሐምሌ ላይ፣ በ8 ሳምንታቸው ነው። የመጀመሪያው ትምህርት እጅ ነው። ግልገል ፌሬት ሲጫወት ይናከሳል። ወንድምና እህቶቹን ቆዳቸው ወፍራም ስለሆነ አያማቸውም፣ እኛን ግን ያመናል። ሽማግሌው «ጣትህን አትዘርጋላት፣ ጭብጥህን ስጣት። ስትነክስህ እጅህን አትንጠቅ» አሉኝ። እጅ ሲነጠቅ ጨዋታ ይመስላቸዋል፣ የባሰ ያሳድዳሉ። በየቀኑ ጠዋትና ማታ መዳፌ ላይ የእንቁላል አስኳል እያደረግኩ አስላስኳቸው። በሁለት ሳምንት ውስጥ በረዶ ንክሻ ተወች። ጠይሜ ወር ፈጀባት።

ምግባቸው ሥጋ ነው። ድሮ እዚህ አገር ዳቦ በወተት ነክረው ይሰጧቸው ነበር ይባላል። ጥሩ አይደለም፤ ፌሬት ሥጋ በል ነው። ከሽማግሌው ማቀዝቀዣ የጥንቸል ሥጋ ከነጠጉሩ እየቆረጥኩ ሰጠኋቸው። እግረ መንገዳቸውን ሽታውን ለመዱት። ክትባትም አለ። ዲስቴምፐር የሚባለው የውሻ በሽታ ፌሬትን ይገድላል፣ ስለዚህ ሳይከተቡ ሜዳ አላወጣኋቸውም።

ነሐሴና መስከረምን በቱቦ አሳለፍን። ስፋቱ 10 ሴንቲሜትር የሆነ የፕላስቲክ የውሃ መውረጃ ገዝቼ፣ እየቀጠልኩ ጓሮ ውስጥ ዘረጋሁት። መታጠፊያ ጨመርኩበት። ባለሁለት መውጫ አደረግኩት። በአንዱ አፍ ይገባሉ፣ በሌላው ይወጣሉ። አንገታቸው ላይ የሚታሰረውን ማሰሪያም በዚያው አለመድኳቸው። ማሰሪያው ትንሽ ማሰራጫ አለው። እኔ እጅ ላይ ያለው መቀበያ ደግሞ ፌሬቷ መሬት ውስጥ የት እንዳለችና ስንት ጥልቀት ላይ እንደሆነች ይነግረኛል። ያለዚህ ወጣት ፌሬት ጉድጓድ አላስገባም። ጠፍታ ብትቀርስ?

ጥቅምት አልቆ ኅዳር ሲገባ ሳማውና እሾሁ ደረቀ፣ ጉድጓዶቹ መታየት ጀመሩ። ፌሬቶቹም ስድስት ወር ሊሞላቸው ነው። ከገበሬው ፈቃድ በጽሑፍ ተቀበልኩ። ጉድጓዱ ባጀር የሚባለው፣ መሬት ቆፍሮ የሚኖር አውሬ ቤት እንዳይሆንም በደንብ አየሁ። ባጀር እዚህ አገር በሕግ የተጠበቀ ነው፣ ፌሬትንም ይገድላታል። ሽማግሌው አራት አፍ ብቻ ያለው ትንሽ የጥንቸል ሰፈር መረጡልኝ። ለጀማሪ ትንሹ ይሻላል። ሠላሳና አርባ ጉድጓድ ባለበት ብትገባ ጥንቸሎቹ ዙሪያዋን እየተሽከረከሩ ያደክሟታል፤ ተስፋ ቆርጣ ትወጣለች።

ብርዳም፣ ደረቅ ጠዋት ነበር። ጠዋት ትንሽ ሥጋ አቅምሻቸዋለሁ። ሆዷ የሞላ ፌሬት ትተኛለች፣ የተራበች ደግሞ ጥንቸሏን ገድላ እዚያው ትበላለች። ጉድጓዱ ላይ ሳንረግጥ፣ ሳንነጋገር በየአፉ መረብ ዘረጋን። መረቡ እንደ ከረጢት ነው። ዙሪያውን ገመድ አለው፣ ገመዱ በችካል መሬት ላይ ይያዛል። ጥንቸሏ ስትወረወርበት አፉ ይጠባል።

በረዶን አስገባኋት። ግማሽ አካሏን አስገብታ ቆመች። አሸተተች። ወጣች። እኔን አየችኝ። ተመልሳ ገባች። አሁን ጭራዋ እንደ ጠርሙስ መጥረጊያ ተነፍቷል። ጠፋች። ከዚያ ከእግራችን ሥር ድም፣ ድም የሚል ድምፅ ሰማን። ጥንቸል አደጋ ስታይ በኋላ እግሯ መሬት ትደልቃለች። ልቤ ከእሷ ጋር ይደልቅ ነበር። ትንሽ ቆይቶ የግራው መረብ ተወረወረ። ሮጬ ያዝኳትና ሽማግሌው እንዳስተማሩኝ ወዲያው አንገቷን ሰበርኩ። እዚህ ላይ መንቀርፈፍ የለም። እንስሳዋ እንዳትሰቃይ አስቀድመህ የሚያውቅ ሰው አሳይቶህ መለማመድ አለብህ።

ጥንቸሏን እኔ አልበላኋትም። በኦሪት ዘሌዋውያን ከማይበሉት ጋር ናት፣ ቤታችንም አትበላም። ገበሬው አንዳንዱን ይወስዳል፣ ሽማግሌው ይበላሉ፣ የቀረው የፌሬቶቹ ነው። የሚባክን የለም።

ያጠፋሁት በጠይሜ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ቀኗ ሥራዋን አሳምራ ጨርሳ፣ ጭንቅላቷን ከጉድጓዱ አፍ ብቅ አደረገች። ሌላ ጥንቸል የምታስወጣ መስሎኝ ቸኩያለሁ፤ መረቡን አንስቼ መልሼ ልዘረጋ ፈለግኩ። እጄን ሰድጄ ከአንገቷ አፈፍ አድርጌ ጎተትኳት። ግማሽ አካሏ ገና ውስጥ ነበር። በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ አደረግኩ። በሦስተኛው ጊዜ ጠይሜ ጉድጓዱ አፍ ላይ መጥታ ቆመች። አየችኝ። እጄን ስዘረጋ ወደ ኋላ ተመለሰች። ደግማ መጣች፣ ደግማ ተመለሰች። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል የሚባለው ለእኔ ሆነ።

ያን ቀን ሁለት ሰዓት ሙሉ እንዲህ ስንሆን ዋልን። ታኅሣሥ ነው፤ እዚህ በኛ አቆጣጠር ከሰዓት 10 ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቃለች። ጣቶቼ ደንዝዘዋል። ሽማግሌው አልተቆጡኝም። «እጅህ ጥንቸሉን የሚያስቀርባት መስሏታል። ጥፋቱ የእሷ አይደለም» ብቻ አሉኝ። በመጨረሻ የሞተ ጥንቸል በገመድ አስረን እየጎተትን፣ ነክሳው ሙሉ በሙሉ ስትወጣ ነው የያዝናት። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሐምሌ ላይ በወር የገነባሁትን በሦስት ጠዋት ነው ያፈረስኩት።

ጠይሜን ለአምስት ሳምንት አደን አልወሰድኳትም። ቱቦውን መልሼ ዘረጋሁ። ቱቦው አፍ አጠገብ በሆዴ ተኛሁ፣ ሣሩ እርጥብ ነው። ስትወጣ አልነካትም። አራቱም እግሯ ሣር እስኪረግጥ፣ ሰውነቷን አራግፋ አንድ ሁለት እርምጃ እስክትሄድ ዝም። ከዚያ መዳፌን ከነአስኳሉ መሬት ላይ አኖራለሁ። ልሳ ስትጨርስ ከደረቷ ሥር አንስቼ፣ ወዲያው መልሼ አስቀምጣታለሁ። ከሁሉ የጠቀመኝ ይሄ ነው። መነሳት ማለት የጨዋታ ማለቂያ እንዳልሆነ ማወቅ አለባት። አሥር ጊዜ አንስቼ ዘጠኙን መልሼ እለቃት ነበር።

ጥር አጋማሽ ላይ ሁለት አፍ ወዳለው ጉድጓድ ይዣት ሄድኩ። ብቻዬን። አፉ ላይ አልተደፋሁም፤ ሁለት እርምጃ ርቄ፣ ጎኔን ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ገባች። አንድ ጥንቸል ወጣች፣ መረቡን ስታ አመለጠች። አልተነሳሁም። ከስድስት ደቂቃ በኋላ የጠይሜ አፍንጫ ታየ። አሸዋ ተለጥፎበታል። ቆመች፣ አየችኝ። እኔ መሬት መሬት አያለሁ። አንድ እግር፣ ሌላ እግር፣ ወገቧ፣ ጭራዋ። ሰውነቷን አራግፋ አሸዋውን በተነችው። ወደ ቦቲዬ መጣች፣ ማሰሪያውን አሸተተች፣ ከዚያ የፊት እግሯን መዳፌ ላይ አደረገች። አነሳኋት። መልሼ አስቀመጥኳት። እንደገና አነሳኋት።

ሌሎች የተማርኳቸው ነገሮችም አሉ። ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ማስገባት አንድ ጊዜ ሞክሬ አይቼዋለሁ፤ መሬት ውስጥ እርስ በርስ ይጠባበቃሉ፣ ሥራ አይሠሩም። ቢያንስ በመጀመሪያው ዓመት አንድ በአንድ ይሻላል። አይጥ ላይ ማስጀመርም ጥሩ አይመስለኝም። አይጥ ክፉኛ ይናከሳል፣ ወጣት ፌሬት አንዴ ከተነከሰች ጨለማ ልትፈራ ትችላለች። በረዶ አንድ ቀን ጥንቸል ገድላ አጠገቧ ተኝታ ቀርታብኛለች። መቀበያው አንድ ሜትር ግድም አለኝ፣ አካፋ ይዤ ቆፈርኩ፣ የመጨረሻውን በእጄ። አሸዋ መሬት ለዚህ ይባረክ። የቆፈሩትን ጉድጓድ ደፍኖ መሄድ ግዴታ ነው፤ የገበሬው ላም እግሯ ቢገባበት በሚቀጥለው ዓመት ፈቃድ የለም።

መጋቢት ላይ መረቦቹን አጥቤ ሰቀልኩ። ጥንቸሎቹ መውለድ ጀምረዋል፣ ጉድጓድ ውስጥ ጨቅላ ካለ ፌሬቷ እዚያው ትቀራለች። ደግሞ ሌላ ጉዳይ መጣ። ሴት ፌሬት ለወንድ ስትፈልግ ካልተገናኘች ፍላጎቱ በራሱ አይበርድም። ሆርሞኑ ደም እስኪያሳጣት ሊሄድ ይችላል፣ ትሞታለች። ግልገል ካልፈለግክ ሐኪም ዘንድ ወስደህ መርፌ ማስወጋት ነው። ሁለቱንም ወሰድኳቸው። ሐኪሟ ጓንት ልታጠልቅ ስትል፣ እኔ እይዛታለሁ አልኳት። መርፌው ሲገባ ጠይሜ መዳፌ ላይ ነበረች። ገላዋ አንዴ ተኮማተረ፣ አፍንጫዋን ጃኬቴ እጅጌ ውስጥ ከተተች፤ አልነከሰችም።