በነጠላ ጫፍ የተቋጠረች ሃያ ዶላር

ዛሬ እሑድ፣ ቤይሩት በሚገኘው የስደተኛ ሠራተኞች መሰብሰቢያ ቤት፣ የሰባት ወር ደመወዟን ለተከለከለች እህታችን የአገር ቤት መመለሻ ትኬት ለመግዛት ምግብና ቡና ስንሸጥ ዋልን። አመሻሹ ላይ አንዲት እናት ገብተው የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ በጥርሳቸው ፈቱና፣ አራት ቦታ የታጠፈች ሃያ ዶላር አውጥተው ሰጡኝ። «እትዬ፣ ቡና እንኳ ይቅመሱ» ብላቸው፣ «የኔ ልጅ፣ ማዳም ሳትመለስ ልድረስ፤ እኔንም ከቀድሞ አሠሪዬ ቤት ያወጣችኝ እንዲህ ያለች የእሑድ ቡና ናት» ብለው ወጡ።

የሊባኖስ የሥራ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጭ ስላደረገና ከፋላ በሚባለው የአሠሪ ዋስትና ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዳችን ከአሠሪው ጋር ስለታሰረ፣ ደመወዟን የተነጠቀች ሴት ቀድማ የምታንኳኳው የእኛኑ በር ነው። ለትኬቱ ገና 60 ዶላር ይጎድላል፤ በሚቀጥለው እሑድም ቡና እናፈላለን።