አምስት ስም ይዤ ወደ በቆጂ

ነገሩ የተጀመረው ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ዛፍ ጥላ ስር ነው። እኛ ድሬዎች ክርክር እንወዳለን። በተለይ የኳስ ከሆነ ጀምበር እስክትጠልቅ አንነሳም። የኮተን፣ የድሬ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክለብ፣ ዘመን ሲነሳ ሉቺያኖ ቫሳሎ ካልተጠራ ሰላም የለም። በኛ ክለብ የተጫወተ፣ በ1962 ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ስትበላ አምበል የነበረ ሰው ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ኦሊምፒክ በዚያ ስለሚታወቅ ይቀላል።)

አንድ ቅዳሜ ክርክሩ ወደ ሩጫ ዞረ። ከአንድ ከተማ የወጡ አምስት ታላላቅ ስፖርተኞች ይመረጡ ቢባል የማን ከተማ ያሸንፋል? መልሱ ወዲያው መጣ፤ የአርሲዋ በቆጂ። የከበደው ቀጥሎ ያለው ነው። የበቆጂ አምስቱ እነማን ናቸው?

እኔ በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ቀነኒሳን አንደኛ፣ ጥሩነሽን ሁለተኛ፣ ደራርቱን ሶስተኛ፣ ገንዘቤን አራተኛ አድርጌ ጻፍኩ። አምስተኛው ላይ ተጣላን። አንዱ ፋጡማ ሮባ አለ፣ ሌላው ቲኪ ገላና። ሳንስማማ ተበታተንን። ከሳምንት በኋላ እረፍት ስለነበረኝ ሻንጣዬን አነሳሁና ሄድኩ።

ከድሬ እስከ አዳማ ስላለው መንገድ የምለው የለኝም፤ ተኝቼ ነበር። አዳማ አደርኩና ጠዋት ወደ አሰላ የሚሄድ ሚኒባስ ያዝኩ። እዚያ ነው የተናደድኩት። ረዳቱ ለሻንጣዬ 100 ብር ጠየቀኝ። ሻንጣው ጣራ ላይ አልወጣ፣ ቦታ አልያዘ። ጉልበቴ ላይ ነው አሰላ የደረሰው። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ሁለት ዶሮና አንድ ጆንያ ይዘው ምንም አልተጠየቁም። ድሬ ቢሆን እንከራከራለን፣ እንጯጯሃለን፣ መጨረሻ ላይ "አቦ ተወው" ተባብለን እንሳሳቃለን። ይሄኛው ግን ፊቱን አዙሮ በሩን ዘጋ። ከብሩ በላይ ያናደደኝ ዝምታው ነው።

ንዴቱ ግን ብዙ አልቆየም። መንገዱ ከስምጥ ሸለቆው ሙቀት ወጥቶ ሽቅብ ሲጀምር ሁሉ ነገር ይለወጣል። ኢተያን ስታልፍ ግራ ቀኙ ስንዴ ነው። ስንዴ፣ ገብስ፣ ከዚያ እንደገና ስንዴ። ከሩቅ ጭላሎ ተራራ ደመና ተከናንቦ ይታያል። ቆላ ተወልዶ ላደገ ሰው ይሄን ያህል አረንጓዴ ማየት ደስታው ይለያል። አንገቴ እስኪያመኝ በመስኮት አየሁ።

አሰላ ምሳ በላሁ። ጠረጴዛ የተጋራኋቸው ጡረተኛ አዛውንት ለምን እንደመጣሁ ሲሰሙ ጉርሻቸውን አስቀመጡ።

"ኃይሌ የታለ?" አሉኝ።

"ኃይሌማ የአሰላ ነው፣ ጋሼ። እኔ የበቆጂን ነው የምመርጠው።"

"አሰላና በቆጂን ምን ለያቸው?"

ነገሩ እውነት አለው። ሁለቱም አርሲ ናቸው። የጥሩነሽ ዲባባ ስም የተሰጠው የአትሌቲክስ ማሰልጠኛ ማዕከልም አሰላ ነው ያለው። ኃይሌ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ትምህርት ቤት ሲሮጥ ያደገው በዚሁ አገር ነው። የ10,000 ሜትር ሁለት የኦሊምፒክ ወርቆቹን ማን ይክዳል? ግን ከተማ ከተማ ነው። ኃይሌን ካስገባሁ ነገ አርሲ በሙሉ ይገባል። እንቢ አልኩ። አዛውንቱም እንቢ አሉ። ሂሳቤን ግን እሳቸው ከፈሉ።

ከአሰላ በቆጂ ከ50 ኪሎ ሜትር ትንሽ ያልፋል። ሳጉሬን አለፍን፣ ደረስን። ከሰዓት 10 ሰዓት ገደማ ነበር፣ ብርዱም ተቀበለኝ። በቆጂ ከባህር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ነው ያለችው። ድሬዳዋ 1,200 ብትሆን ነው። ሻንጣዬን ይዤ ትንሽ ዳገት ስወጣ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ሲመታ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ዳገት በኋላ ነው "አየሩ ቀጭን ነው" የሚሉት ነገር የገባኝ። ሰውነት እዚህ ሲያድግ ያለውን ትንሽ ኦክስጅን አብቃቅቶ መጠቀም ይማራል።

ሌሊቱን ባላስታውሰው ደስ ይለኝ ነበር። አልጋው 500 ብር ነበር። ብርድ ልብሱ ስስ ነው። መስኮቱ አይገጥምም። ሁለተኛ ብርድ ልብስ ብጠይቅ "ሁሉም ተይዟል" ተባልኩ። ድሬ ውስጥ ሰው ሌሊት በረንዳ ላይ አልጋ አውጥቶ ይተኛል። እኔ ሹራብ፣ ጃኬት፣ ካልሲ ለብሼ ስንቀጠቀጥ ያን በረንዳ አሰብኩ። ከምሽቱ ሶስት ሰዓት ላይ አልቻልኩም፤ ወጣሁ። ከመንገዱ ማዶ አንዲት እናት የቡና ዕቃቸውን እያነሱ ነበር። ትኩስ ነገር እንዳላቸው በኦሮምኛ ጠየቅኳቸው። ኦሮምኛዬ የሐረርጌ ስለሆነ አነጋገሬ አሳቃቸው።

"ከየት ነህ ልጄ?"

"ከድሬ።"

"ውይ! ከእሳት ወደ በረዶ!"

ወተት አፈሉልኝ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገቡና ጋቢ ይዘው ወጡ። ንጹህ፣ ወፍራም፣ የቤት ጋቢ። መታወቂያዬን ላስይዝ ብል ተቆጡ። "ጠዋት ትመልሳለህ" ብለው በሩን ዘጉ። በማያውቁት ሰው ትከሻ ላይ እንዲህ ያለ ጋቢ መጣል ቀላል ነገር አይደለም። በዚያ ጋቢ ነው ያደርኩት።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ጋቢውን እንደለበስኩ ወደ ሜዳው ወረድኩ። ጭጋግ ነው። መጀመሪያ የሰማሁት ትንፋሽና የእግር ድምፅ ነው። ከዚያ ልጆቹ ከጭጋጉ ውስጥ ወጡ። ተሰልፈው፣ አንዱ ካንዱ ኋላ፣ እግራቸው እኩል እየወደቀ። ጥሩ የሩጫ ጫማ ያደረጉ ነበሩ። ሶሉ የተላቀቀ ያደረጉ ነበሩ። አንዱ በኮንጎ ጫማ ነበር። ከሜዳው ወደ ባህር ዛፉ ገቡና በግንዶቹ መሀል ዚግዛግ እየሰሩ ሽቅብ ወጡ። ማንም አያወራም። እኛ ጋ ልጆች ሲጫወቱ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እዚህ የአሰልጣኙ ፊሽካ ብቻ ነው የሚሰማው።

ሲያርፉ አንዲትን ልጅ ጠጋ ብዬ ከከተማሽ ልጆች ማን ይበልጣል አልኳት። አስራ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ሳታስብ "ገንዘቤ" አለች። ምክንያቷንም ጠየቅኳት። እሷም 1,500 ነው የምትሮጠው። ገንዘቤ በ2015 ሞናኮ ላይ 3 ደቂቃ ከ50.07 ሰከንድ ገብታ፣ ከ1993 ጀምሮ የቆየውን የቻይናዊቷን ክብረ ወሰን የሰበረችበትን ሰዓት ልጅቷ በቃሏ ታውቀዋለች። አጠገቧ ያለው ልጅ ግን "ቀነኒሳ ነው፣ ምን ትያለሽ" አላት። ፊሽካው ተነፋ፣ ሄዱ።

ልጁን እረዳዋለሁ። እኔም ቀነኒሳን አንደኛ ያደረግኩት በቁጥር ነው። የ5,000 እና የ10,000 ክብረ ወሰኖቹ ከ15 ዓመት በላይ ቆመው፣ ሁለቱም በ2020 ነው የተሰበሩት። በዓለም አገር አቋራጭ ከ2002 እስከ 2006 በየዓመቱ አጭሩንም ረጅሙንም አሸንፏል። አምስት ዓመት፣ አስር ወርቅ። ከነዚያ ዓመታት አንዱ 2005 ነው። ጥር ላይ እጮኛው ዓለም ተጫለ አብረው ልምምድ ሲሰሩ ወድቃ ሞተችበት። መጋቢት ላይ ፈረንሳይ ሄዶ ሁለቱንም አሸነፈ። ያን ውድድር ሳስብ ዛሬም ጉሮሮዬ ይታነቃል።

ጥሩነሽም ቁጥር አላት። ሶስት የኦሊምፒክ ወርቅ። በ2007 ኦሳካ የዓለም ሻምፒዮና ላይ ወድቃ፣ ሆዷን እየያዛት፣ ተነስታ መሪዎቹን ደርሳ አሸነፈች። በ2008 ቤጂንግ ደግሞ ኢትዮጵያ አራት ወርቅ አገኘች። ሁለቱ የቀነኒሳ፣ ሁለቱ የጥሩነሽ። አራቱም የበቆጂ ናቸው። ቤጂንግ ላይ በቆጂ ብቻዋን እንደ አገር ብትቆጠር ስንቱን አገር እንደምትበልጥ አስቡት።

ጋቢውን ለመመለስ ስሄድ ቡና ተፈልቶ ነበር። ስሟን ሳልጠይቅ "አዴ" እያልኩ ተቀመጥኩ። ደብተሬን አውጥቼ ዝርዝሩን አነበብኩላት። (ከቡናው በኋላ አንቱ ማለቱን አስተወችኝ።) ደራርቱ ሶስተኛ ላይ ስደርስ ሲኒውን ከእጄ ልትቀበል የዘረጋችው እጅ አየር ላይ ቀረ።

"ሶስተኛ?"

ከዚያ ስለ 1992 ነገረችኝ። ያኔ ልጅ ነበረች። ትምህርት ቤት ከወንዶቹ ጋር መሮጥ ትወድ ነበር፤ አባቷ ግን ሴት ልጅ በሜዳ አትሮጥም ብለው ከለከሏት። የባርሴሎናውን ወሬ በሬዲዮ ሰሙ። አባቷ ሬዲዮው ጋ ተቀምጠው ደጋግመው "የኛዋ ናት?" ይሉ ነበር። "እኔን አላስሮጡኝም፣ አልፎብኛል" አለችኝ። "ታናሽ እህቴን ግን ራሳቸው ናቸው ሜዳ የወሰዷት።"

ዝም ብዬ ቡናዬን ጠጣሁ። ያን የ10,000 ሜትር ሩጫ ስንት ጊዜ በቪዲዮ አይቼዋለሁ። ኢትዮጵያ 1984 እና 1988 ላይ ኦሊምፒክ አልሄደችም። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ ከአፓርታይድ ቅጣት ገና መመለሷ ነበር። ደራርቱ ነጯን ደቡብ አፍሪካዊት ኢላና ሜየርን ተከትላ፣ ተከትላ፣ ደወሉ ሊደወል ሲል አለፈቻት። የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ገብታም አልሄደችም። ቆማ ሜየርን ጠበቀቻት፣ ተቃቀፉ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ከባርሴሎና ያገኘነው ብቸኛ ወርቅ እሱ ነበር። ከዚያ ወልዳ ተመልሳ በ2000 ሲድኒ ላይ ደገመችው። በ2009፣ በ37 ዓመቷ፣ የኒውዮርክን ማራቶን አሸነፈች።

ይሄን ሁሉ ድሬ ላይም አውቀው ነበር። ሶስተኛ ያደረግኳት ሳላውቅ አይደለም፤ ወርቅ ስለቆጠርኩ ነው። ጥሩነሽ የአክስት ልጅ ያህል ዘመዷ ናት። እህትማማቾቹ ጥሩነሽ፣ እጅጋየሁና ገንዘቤ ሲያድጉ ከቤተሰባቸው ያሸነፈች ሴት ነበረች። ደራርቱ ስታድግ ማንን ታይ ነበር? እዚያው ቡናው ላይ ስሟን ወደ አንደኛ አወጣሁት። ቀነኒሳ ሁለተኛ፣ ጥሩነሽ ሶስተኛ።

ፋጡማ ሮባንም አራተኛ አድርጌ ጻፍኩ። በዚህ ማንም እንዲከራከረኝ አልፈልግም፣ ግን እንደሚከራከሩኝ አውቃለሁ። በ1996 አትላንታ ላይ ተከታይዋን ሁለት ደቂቃ ጥላ ገባች። የኦሊምፒክ ማራቶንን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት እሷ ናት። ቦስተንን ከ1997 እስከ 1999 ሶስት ዓመት በተከታታይ ወሰደች። ቲኪ በ2012 ለንደን ላይ በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ስታሸንፍ መንገዱ በፋጡማ ተጠርጎ ነበር። ይሄ ሁሉ ሆኖ ከሰፈራችን ልጆች ግማሹ ስሟን አያውቁም። ይሄ ያበሳጨኛል።

አምስተኛው ላይ ሴትዮዋ ረዳችኝ። "አሰልጣኙንስ?" አለችኝ። ስንታየሁ እሸቱን ማለቷ ነው። እዚሁ የስፖርት መምህር ሆኖ ደራርቱን፣ ቀነኒሳን፣ ጥሩነሽን በልጅነታቸው ያሰለጠነ ሰው። ኦሊምፒክ አልሮጠም። ሜዳሊያ አንገቱ ላይ አልገባም። ግን ጠዋት ያየሁት ሜዳ፣ ፊሽካው፣ ባህር ዛፉ መሀል ያለው ዚግዛግ ያለ እሱ ስራ አይታሰብም። ገንዘቤን ሰርዤ የሱን ስም ስጽፍ የዚያችን የ1,500 ሯጭ ፊት አስታወስኩና ከበደኝ። ግን ጻፍኩት።

ወደ መናኸሪያ የወሰደኝ ባጃጅ 150 ብር ተቀበለኝ። አብሮኝ የወረደው የሰፈር ሰው 20 ሲከፍል አይቻለሁ። ተናገርኩ፣ አልሰማኝም። ለሴትዮዋ የወተትና የቡና ልክፈል ብል የቡናውን ብቻ ወሰደች። ጭኮ በላስቲክ ጠቅልላ ሻንጣዬ ኪስ ውስጥ ከታለች። ገብሱና ቅቤው እስከ አዳማ አጠገቤ ሲሸት መጣ።

ሳጉሬ ላይ ኔትወርክ ሲመጣ ለጓደኛዬ ደወልኩ። አዲሱን ዝርዝር አነበብኩለት።

"ቀነኒሳን ሁለተኛ?" አለኝ።

"አዎ።"

"አሰልጣኝ አምስተኛ?"

"አዎ።"

"ቅዳሜ ከዚራ ና" አለኝ። "ሁሉንም እጠራቸዋለሁ።"