ቡናማው መስመር ላይ ውኃ አይነካም

ኔዘርላንድስ ውስጥ በአንድ ሙዚየም የወረቀት ጥገና ክፍል እሠራለሁ። እጃችን የሚገባው በአብዛኛው የ16ኛውና የ17ኛው ክፍለ ዘመን የሆላንድና የፍላንደርስ ሰዓሊዎች ሥራ ነው፤ ህትመትም የእጅ ንድፍም።

እጁ የተባረከ አንድ ተለማማጅ ነበረን። ከመጣ ጀምሮ የሚጠግነው ህትመት ብቻ ስለነበር ውኃ አይፈራም። ህትመት ደግሞ ውኃ ይችላል፤ የሆላንዱ ሰዓሊ ሬምብራንት ከመዳብ ሰሌዳ ያተማቸው ሥራዎች ቀለማቸው በተልባ ዘይት የተለወሰ ጥቁር ዱቄት ነውና ተጠንቅቆ ወረቀቱን ዘፍዝፎ ማጠብ እንኳ ይቻላል።

የዚያን ቀን የደረሰው ግን በብዕር የተሠራ የ17ኛው ክፍለ ዘመን የገጠር ንድፍ ነበር። ጠርዙ ላይ ትንሽ ተቀዷል። ልጁ የስንዴ ሙጫውን አቅጥኖ ሊቀባ ሲል የክፍላችን ኃላፊ ከማዶ ሆና፣ "ቆይ! ቅዳዱ መስመሩን ያቋርጣል?" አለችው።

"አዎ።"

"እንግዲያው ብሩሹን አስቀምጥ።"

በዚያ ዘመን ብዙ ንድፍ የተሠራው ከባሉጥ ዛፍ እብጠት፣ ከብረት ሰልፌትና ከግራር ሙጫ በሚዘጋጅ ቀለም ነው። ሲሠራ ጥቁር ነው፣ ዘመን ሲቆጠር ይቦናል። አሲዱና ትርፉ ብረት ወረቀቱን እየበሉት ይሄዳሉ፤ አንዳንዱ ወፍራም መስመር ተሰንጥቆ ይወድቃል። እርጥበት ሲያገኝ ደግሞ ያ በዓይን የማይታይ ብረት ከመስመሩ ወጥቶ ንጹሑ ወረቀት ውስጥ ይገባና እዚያም መብላት ይጀምራል። ጉዳቱ የሚታየው ጠጋኙ ጡረታ ከወጣ በኋላ ሊሆን ይችላል።

ችግሩ፣ ከእንጨት ጥላሸት የሚሠራው ሌላው ቀለምም ቡናማ ነው፤ እሱ ግን ወረቀት አይበላም። የሰዓሊውም ስም አያድንም፤ ሬምብራንት ራሱ በ1630ዎቹ መጨረሻ ገደማ በብረቱ ቀለም ሥሏል። የእኛ ቁም ጸሐፊዎች ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸትና ከተቃጠለ እህል ስለሚያዘጋጁት ብራናቸውን እንደማይበላው ስነግረው ልጁ፣ "ታዲያ ለሬምብራንት ለምን አልነገራችሁትም?" አለኝ።

ለዚህ እዚሁ ኔዘርላንድስ የተሠራች የመፈተኛ ወረቀት አለች። በተጣራ ውኃ ትረጥብና ውኃው በደንብ ይመጠጥላታል፤ ከዚያ መስመሩ ላይ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ትጫናለች። ጎጂው ብረት ካለ ሮዝ ትሆናለች። ሆነች። ቅዳዱ የተጠገነው ጄላቲን ተቀብቶ በደረቀ ስስ የጃፓን ወረቀት ነው፤ እርጥበቱ ጄላቲኑን ለማጣበቅ ብቻ የሚበቃ ነበር።

የሚቀጥለው ንድፍ ሲፈተን ወረቀቷ ነጭ ሆና ቀረች። ልጁ ደስ ብሎት ወደ ሙጫው ሲዞር ኃላፊዋ የአስኮርቢክ አሲድ፣ ያው ቪታሚን ሲ የምንለውን፣ ጠብታ እዚያችው ወረቀት ላይ ጣል አደረገች። ሮዝ ሆነች። ለካ ወረቀቷ የምትይዘው አንዱን የብረት ዓይነት ብቻ ነው፤ ሌላው ተደብቆ ነበር። ልጁ ቀና ብሎ አያትና፣ "ጄላቲኑ ስንት ቀረን?" አላት።