ድንጉጥ ውሻና «ቤቱ የኛ ነው» የሚሉ ድመቶች

አዲስ ውሻ ልናመጣ ነው ስንል የሰው ሁሉ ጥያቄ «ድመቶቹስ? አይበላቸውም?» ነበር። ለውሻው የተጨነቀ ማንም የለም። ቡቺ ግን ማንኪያ ወደቀ ብሎ አልጋ ስር የሚገባ ድንጉጥ ነው። ትልቋ ድመታችን ሚሚ ኮሪደሩ መሃል ቁጭ ብላ ስታፈጥበት፣ ያን ሁሉ ቁመና ይዞ ጭራውን ወሽቆ ይመለሳል። ውሃ ጠምቶት እንኳን አያልፋትም።

ድንጉጥ ነው ማለት ግን አይጎዳም ማለት አይደለም። መሸሻ ሲያጣ ይጮሃል፣ ይዘላል፣ ይነክሳል። ድመቷ ከሮጠች ደግሞ አለቀ፤ የሚሮጥ ነገር ማሳደድ በደሙ ያለ ነውና ፍርሃቱን ረስቶ ይከተላታል። ስለዚህ ዋናው ሥራ ውሻውን ማረጋጋት ነው። ለኔ ስኬት ማለት ላሽ መባባል ነው፤ አንዱ ሌላውን አይቶ ምንም ሳይመስለው ማለፍ። ተቃቅፈው የተኙ ውሻና ድመት ፎቶዎችን ለጊዜው እርሷቸው።

መጀመሪያ ለየብቻ። የውሻው ምኝታ፣ ውሃው፣ የሚያኝከው ነገር ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ፣ በሩ ዝግ። ከመተያየት በፊት ሽታ ይቅደም። ንጹሕ ጨርቅ ይዛችሁ የድመቷን ጉንጭ ቀስ አድርጋችሁ እሹና ምኝታው አጠገብ አኑሩት፤ የሱንም ለሷ። ጉንጯ ላይ የሽታ ዕጢ አላት፣ ሶፋውን ወንበሩን ስትታከክ የምትቀባው እሱን ነው። ቀጥሎ ምግብ፦ እሱ ከበሩ ወዲህ፣ እሷ ከበሩ ወዲያ። አልበላም ካለ ሳህኑን አርቁለት፤ ከበላ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አስጠጉት።

ብዙ ሰው የሚቸኩለው መተያየቱ ላይ ነው። እኛ በፍርግርግ በር ነው ያስተያየናቸው፣ ቡቺ ቀድሞ በእግር ተንሸራሽሮ ትንሽ ደከም ካለው በኋላ፣ ገመዱ ታስሮ ግን ላላ ብሎ። ገመዱን ወጥራችሁ ከያዛችሁ ጭንቀታችሁ ቀጥ ብሎ ወደሱ ይሄዳል። ድመቷን አይቶ ፊቱን ወደ እናንተ በመለሰ ቁጥር ወዲያው ቁራጭ ሥጋ አጉርሱት። ድመቷ ስትታይ ሥጋ ይመጣል፣ ስትሄድ ሥጋው ይቀራል፤ ሌላ ብልሃት የለውም። የሚወደውን ሥጋ አፍንጫው ስር ይዛችሁለት እንኳን እምቢ ካለ ግን በጣም ተጠግቷል ማለት ነው። ወደኋላ ውሰዱት። ርቀቱን የሚወስነው እሱ ነው፣ የእናንተ ትዕግሥት ማለቅ አይደለም። ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃል፣ ሳይበላሽ አቁሙ።

ምልክቶቹን ማወቅ ግድ ነው። እንቅልፍ ሳይመጣበት ማዛጋት፣ ምግብ በሌለበት ከንፈር መላስ፣ ፊቱን አዙሮ በዓይኑ ጠርዝ ማየት፣ እነዚህ ሁሉ «ጨንቆኛል» ማለት ናቸው። ደርቆ ካፈጠጠ ግን ስሙን ጠርታችሁ ወዲያው አርቁት፣ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው መወርወር ነው። ጭራም ያሳስታል። ውሻ ጭራውን አቁሞና አድርቆ ቶሎ ቶሎ ሲቆላ ተወጥሯል እንጂ አልተደሰተም፤ ድመት ጭራዋን ግራና ቀኝ ስትወረውር ደግሞ ተናዳለች። ጀርባዋ ላይ ተንጋለለች ብላችሁም «እጅ ሰጠች» እንዳትሉ፣ አራቱንም እግር ጥፍር እያዘጋጀች ሊሆን ይችላል።

ሲያጉረመርም አትቆጡት! ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው። ከከለከላችሁት በሚቀጥለው ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ሊነክስ ይችላል፣ ድመቷ በመጣች ቁጥር እንደሚቆጡትም ይማራል። ድመቷን ታቅፎ «በል ተዋወቃት» ማለትማ ፊታችሁን ለጥፍር መስጠት ነው።

ለድመቶቹ ከፍታ ስጧቸው። መደርደሪያ፣ ቁምሳጥን፣ ፍሪጅ አናት፣ የትም ይሁን፣ ብቻ መሬት ሳይረግጡ ክፍሉን የሚያቋርጡበት መንገድ ካለ የመሮጥ ነገር በጣም ይቀንሳል። ምግባቸውም ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይሁን፣ ውሻ የድመት ምግብ ይወዳል። የመጸዳጃ አሸዋቸው ደግሞ ውሻው የማይደርስበት ይቀመጥ። አንደኛ ያገኘውን ይበላል (አዎ፣ ያንኑ)፣ ሁለተኛ እዚያ አድፍጦ የጠበቃት ድመት ሌላ ቦታ ትፈልጋለች፣ ያ ቦታ አልጋችሁ ሊሆን ይችላል።

ድመት በጭንቀት መብላት ካቆመች «ያልፍላታል» አይባልም። አንድ ቀን ሙሉ ምንም ካልቀመሰች ሐኪም ጋ ደውሉ፣ ጉበቷ ስብ ይዞ ልትታመም ትችላለች። ወንድ ድመት እያማጠ ሽንት ካልመጣለት ግን በዚያው ሰዓት ሐኪም ጋ ነው፣ ነገ አይባልም። ውሻው ዓይኑን ከተቧጨረም እንደዚሁ።

ስንት ጊዜ ይፈጃል ለሚለው፣ ከሳምንታት እስከ ወራት። አሁን ቡቺ ሚሚን በግድግዳው በኩል ተጠግቶ ያልፋታል፣ ትንሹ ድመታችን ነብሮ ጋ ደግሞ ጭራሽ መላመድ ጀምሯል። ያም ሆኖ ከቤት ስንወጣ በሩን እንዘጋለን። እናንተ ጋ ውሻው ድመቷን ባየ ቁጥር እየተንቀጠቀጠ የሚያፈጥ፣ ሲጠራ የማይሰማ፣ በርቀትም የማይመለስ ከሆነ የውሻ ባሕርይ የሚያውቅ ባለሙያ አማክሩ። ከድመት ጋር መኖር የማይሆንላቸው ውሾችም አሉ፣ ድመት የሌለበት ቤት መፈለግ ለሁለቱም ይሻላቸዋል።